ቁልቋልን ግቢ ውስጥ ማሳደግ፦ ከደጀን የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

ጥያቄውን የኢንተርኔት መወያያ መድረካችን ላይ የጻፍኩት በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ዝናቡ ወጥቶ ሰማዩ የጠራበት ሰሞን ነበር። የምኖረው ደጀን ነው። ከሰፈራችን ትንሽ ወጣ ካሉ የአባይ በረሃ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ግቢዬ ጠባብ ነው። አፈሩ ግማሹ ዋልካ፣ ግማሹ ቤት ሲሠራ የተረፈ ጠጠር ነው። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ አንዳንዴ እሱም ይቀራል። የጎደለውን በጀሪካን እንገዛለን። ጎረቤቴ ለሊጥ የሚሆን ውሃ እየፈለገች እኔ ሳር ማጠጣት አይሆንልኝም። ግቢዬ ደረቅ ሆኖ እንዲቀርም አልፈልግም።

አምና ባሕር ዳር ከአንድ አበባ ሻጭ ክብ፣ እሾሃም ካክተስ በውድ ገዝቼ ነበር። በወር አንዴ ጠብ ካደረግሁለት ይበቃዋል ተባልኩ። በበጋው እውነትም አላስቸገረኝም። ነሐሴ ላይ ግን ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ላቃናው ስነካው ከሥሩ ተላቀቀ። ውስጡ ቀልጧል። ያንኑ ሰሞን ወደ ጎሐ ጽዮን ስሻገር፣ መኪናው ጠመዝማዛውን መንገድ ሲወርድ፣ ከቋጥኝ ስንጥቅ የወጣ ቁልቋል አየሁ። ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል። የዘነበበት ያው ዝናብ ነው። እሱ አልበሰበሰም።

ጥያቄዬ ከዚያ ተነሳ። ይህን የራሳችንን ካክተስ ግቢ ውስጥ ያሳደገ ሰው አለ ወይ? እንዴት ይተከላል? ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል? ልጆች ባሉበት ቤትስ ያስፈራል ወይ?

በሦስት ሳምንት ውስጥ 26 መልስ መጣ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ ጠቃሚው ነገርም ተበታትኖ ስለቀረ፣ ብዙ ሰው ሰብሰብ አድርገህ ንገረን አለኝ። ስለዚህ እንደ ቁጥራቸው እተርካለሁ። የማልስማማበትንም እናገራለሁ።

1ኛው መልስ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰላምታው ረዥም ነው፤ የቤተሰቡን ደኅንነት ሁሉ ጠይቆኛል። ብቸና አካባቢ የአያቱ ቤት ዙሪያውን በቁልቋል የታጠረ እንደነበር፣ ከብትም ፍየልም ያንን አጥር አልፎ እንደማያውቅ ጻፈ። ስለ አተካከሉ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። በርታ ብሎኝ ሄደ።

2ኛው መልስ ያረመኝ ነው። ጸሐፊው የባዮሎጂ መምህር መሆኑን ገልጿል። በትህትና ነው የጀመረው። ቁልቋል ካክተስ አይደለም አለ። የካክተስ ወገን አገሩ አሜሪካ ነው። የእኛው ቁልቋል፣ በሳይንስ ስሙ ኢዩፎርቢያ አቢሲኒካ፣ የሚዛመደው ከቅንጭብ ጋር ነው። ሰፋ ካለው ቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ ጉሎ አለ፣ ካሳቫ አለ፣ ደጃችን ላይ የምናውቀው ብሳናም አለ። ብሳናና ቁልቋል ዘመዳሞች መሆናቸውን ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መምህሩ እንዳብራራው ቁልቋልና ካክተስ መልካቸው የተመሳሰለው በዝምድና አይደለም። ሁለቱም ውሃ በሌለበት አገር ኖሩ። ሁለቱም ቅጠላቸውን ትተው ግንዳቸውን የውሃ ጎተራ አደረጉ። ሁለቱም እሾህ አወጡ። ለመለየት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይፈስሰዋል፤ ካክተስ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ መሰል ነገር ነው የሚወጣው። የቁልቋል እሾህ በግንዱ ጠርዝ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። የካክተስ እሾህ ግን ትንሽ ትራስ ከመሰለች ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል።

3ኛው መልስ መምህሩን ተቆጣ። ሰውየው ስለ አተካከል ጠይቆ ሳለ ስለ ስም ትምህርት መስጠት ምን ይጠቅማል የሚል ነበር። ቃሉ ከዚህ የከረረ ነው፤ አልደግመውም። 4ኛው የመምህሩ ምላሽ አጭር ናት። ልዩነቱ ወተቱ ነው አለ። ካክተስ መስሎት በባዶ እጁ የሚቆርጥ ሰው ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ የሆነውን ስታነቡ እናንተም ትስማማላችሁ።

5ኛዋ መላሽ ከባሕር ዳር የምትጽፍ እህት ናት። ስሙ ራሱ እንደሚናገር አሳየችን። በትግራይ በለስ የሚባለውን፣ ጠፍጣፋ ገላ ያለውንና ፍሬው የሚበላውን፣ አማርኛ የባሕር ቁልቋል ይለዋል። ከባሕር ማዶ የመጣ ቁልቋል ማለት ነው። ባሕር ዛፍ እንደምንለው ሁሉ። እውነተኛው ካክተስ እሱ ነው፤ የተላመደው ሜክሲኮ ነው። አባቶቻችን እንግዳውን ሲያዩ ከቁልቋል ጋር መመሳሰሉን አዩ፣ ባዕድነቱንም በስሙ ላይ አኖሩት። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የተሞላበት ስም አወጣጥ በጣም ደስ ይለኛል። ምክርም ጨመረች። የባሕር ቁልቋል ግጦሽ አጠገብ ከተተከለ ራሱን እያባዛ መሬት ይወርራል፤ የወደቀች ቁራጭ ሁሉ ሥር ትሰዳለች። ከረዥሙ እሾህ ይልቅ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑት ጥቃቅኖቹ ይብሳሉ። ቆዳ ውስጥ ገብተው በዓይን አይታዩም።

6ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም ነው፤ ጸሐፊው ግን ያደገው ትግራይ ነው። በእህታችን አነጋገር ትንሽ ተቀይሟል። በለስ በክረምት፣ ጎተራ በሚጎድልበት ወቅት፣ ስንቱን ቤተሰብ እንዳሻገረ ጻፈ። ቀይ ቀለም የሚወጣበት ነፍሳት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ተብሎ ወደዚያ መግባቱን፣ በኋላ ግን ከቁጥጥር ወጥቶ የበለሱን ማሳ እንዳደረቀው አስታወሰ። ሲጽፍ ልቡ እንደተነካ ያስታውቃል። እህታችንም ይቅርታ ጠይቃ፣ የጻፈችው ለጎጃም መሆኑን ገለጸች። ይህ 7ኛው መልስ ነው። በሰላም አለቀ።

ከዚህ በኋላ የመጣው 8ኛው መልስ የክሩ ጥቅም የተቀመጠበት ነው። ጸሐፊው ከሞጣ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑን ከአነጋገራቸው እንረዳለን፤ ሁላችንም አያ እያልን ነው የጠራናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ለብዙ ዓመት ቁልቋል አሳድገዋል። ያሉትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

መጀመሪያ ቅርንጫፍ ይመረጣል። ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ቢሆን ይበቃል። የሚቆረጠው ከዋናው ግንድ ጋር የሚገናኝበት፣ ቀጠን ያለው አንገቱ ላይ ነው። ወፍራም ጓንት ይደረጋል፤ ዓይን በመነጽር ይሸፈናል። ነፋስ ባለበት ሰዓት አይቆረጥም። ወተቱ እንደፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፤ አመድ የሚነሰንሱም አሉ። ከዚያ ቁራጩ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት፣ ወፍራም ከሆነ ሦስት። አያ እዚህ ላይ ነው አጥብቀው የተናገሩት። ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ከነካ ያልቃል። የተቆረጠው ፊት ጠንክሮ፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ እንደ ደረቅ ቆዳ ሲሆን ነው የሚተከለው።

ሲተከልም ጥልቅ አይደረግም። አራት ጣት ያህል ይበቃል። እንዳይወድቅ በድንጋይ ወይም በሦስት እንጨት ይደገፋል። ለሁለት ሳምንት ውሃ አያገኝም። ሥር የሌለው ነገር ውሃ አይጠጣም፤ ውሃው ያበሰብሰዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ በበጋ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይበቃዋል። ሁለት በጋ ካሳለፈ በኋላ ጭራሽ መርሳት ነው። እኔ ይህን ሳነብ በወር ስንት ጀሪካን እንደሚተርፈኝ አሰብኩ።

9ኛው መልስ አያን ተቃወመ። ከእነማይ ገጠር የመጣ ልጅ ነው። አባቱ የአጥር ቁልቋል የሚተክሉት በግንቦት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል እንደሆነ ጻፈ። ማንም ቁስል አያደርቅም፤ ተቆርጦ ይሰካል፣ ይጸድቃል። ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ማስቀመጥ የከተማ ሰው ሥራ ነው አለ። 10ኛው ደግፎት መጣ፤ እሱ ግን ከልክ አለፈ። ሽማግሌውን በማይገባ ቃል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ዓይነት ምክር ይሰጣሉ ብሎ ዘለፈ። ይህ አሳዘነኝ። በዕድሜ አባት የሚሆን ሰው ጊዜ ወስዶ ያስተማረንን በዚህ መልክ መመለስ አይገባም። እዚያው ጽፌለታለሁ።

አያ ራሳቸው ግን አልተቆጡም። በ11ኛው መልስ ላይ የልጁ አባት ልክ መሆናቸውን ተቀበሉ። የአጥሩ መሬት ምን ዓይነት እንደሆነ ግን ጠየቁ። ልጁ ድንጋይ የበዛበት ተዳፋት መሆኑን መለሰ። ነገሩ ተፈታ። ተዳፋት ላይ የዘነበው ውሃ ወርዶ ይሄዳል። ደግሞም አጥር ሲተከል ሃምሳ ተሰክቶ አሥሩ ቢበሰብስ ማንም አይቆጥረውም፤ በሌላ ይተካል። ግቢ ውስጥ አንድ ብቻ የሚተክል ሰው ግን ያንን አንዱን ማጣት አይፈልግም። ለዚህ ነው አያ ጥቅምትን የሚመርጡት። ስምንት ወር ሥር ሰድዶ ነው ክረምቱን የሚያገኘው።

የጎጃምን ነገር ከሁሉ አጥርቶ ያስቀመጠው 12ኛው መልስ ይመስለኛል። ከባሕር ዳር የሚጽፍ የግንባታ ባለሙያ ነው። ስለ በረሃ አትክልት የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ዝናብ ለማያውቅ አገር ነው አለ። እኛ ዘንድ ችግሩ ሌላ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ደብረ ማርቆስም ከዚያ ብዙ አያንስም። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ነው። ቀሪው ጊዜ ደረቅ ነው። ስለዚህ እዚህ ቁልቋልን ጥማት አይገድለውም። የሚገድለው ሐምሌና ነሐሴ እግሩ ሥር የሚተኛው ውሃ ነው። በተለይ ዋልካ። ዋልካ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አብጦ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። የእኔ ክብ ካክተስ ምን እንደገደለው ያን ቀን ገባኝ።

መፍትሔውም ከሙያው የመጣ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ውስጡን በጠጠር መሙላት ስህተት ነው አለ። ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ሆኖ ውሃ ይሰበስባል። የሚሻለው ከመሬት በላይ ጉብታ መሥራት ነው፤ ከፍታው ቢያንስ እስከ ጉልበት። ግማሹ ቀይ አሽ፣ ቀሪው ተራ አፈርና አሸዋ። ቀይ አሽ ባሕር ዳር አካባቢ ካሉት የድሮ እሳተ ገሞራ ኮረብቶች የሚወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ነው። ለመንገድና ለብሎኬት ስለሚፈለግ በመኪና ይሸጣል። ላዩ ላይ ጠጠር ይነጠፋል። ጠጠሩ የቁልቋሉን አንገት ደረቅ ያደርጋል፤ አረምም ይከላከላል። ፍግ አያስፈልግም፤ ቁልቋልን ልፍስፍስ አድርጎ ያሳድገዋል።

መምህሩ በ13ኛው መልስ ተመልሶ መጣ። ቁልቋል ውሃ የሚቆጥብበትን ዘዴ ነገረን። ብዙ ተክል ቀን ቀን ነው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ከፍቶ አየር የሚያስገባው፤ በዚያው ፀሐይ ውሃው ይተንናል። ቁልቋል ቀን ይዘጋል። ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። የሌሊቱን አየር በአሲድ መልክ አስቀምጦ ቀን በፀሐይ ብርሃን ይሠራበታል። በዚያውም በ2ኛው መልስ የረሳውን ጨመረ። ከካክተስ ወገን አንዷ ብቻ በአፍሪካ በተፈጥሮ ትገኛለች። እሷም ዛፍ ላይ የምትንጠለጠል፣ ቀጭን የጫካ ተክል ናት። እሾሃማ የበረሃ ካክተስ ግን በተፈጥሮው የእኛ የሆነ የለም።

14ኛው መልስ አንድ ምክር ይዞ መጣ። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በደቡብ በኩል የነበረው ጎን ምልክት ይደረግበት፣ ሲተከልም ያው ጎን ወደ ደቡብ ይዙር፣ አለዚያ በፀሐይ ይቃጠላል የሚል ነው። ከመጽሐፍ ያገኘው እንደሆነ ተናግሯል። 15ኛው መላሽ ይህ ለሰሜን አገሮች የተጻፈ መሆኑን አሳየ። ደጀን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩላችን ነው የምታልፈው። በእነዚያ ወራት ቀትር ላይ ጥላችን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ በእኛ አገር ያደገ ቁልቋል ሁለቱም ጎኑ ፀሐይ ለምዷል። የሚያቃጥለው ጎኑን ማዞር አይደለም። ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ የቆየውን ቁራጭ በድንገት ሙሉ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው። መጀመሪያ በሳር ከለል አድርጎ ማለማመድ ይበቃል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ወጥቼ ጥላዬን አየሁ። ጥቅምት ስለሆነ ወደ ሰሜን ነበር። ሰኔ ላይ እንደገና አየዋለሁ።

16ኛዋ መላሽ የቤቷን በረንዳ ፎቶ አስቀመጠች። ቁልቋሏ ከሥሩ ቡናማ ሆኗል፤ በስብሷል ብላ ሰግታለች። አያ መለሱላት፤ 17 ቁጥር ነው። ቡናማው ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ዕድሜ ነው፤ ቁልቋል ሲያረጅ እግሩ እንደ እንጨት ይሆናል። ቢጫ ሆኖ፣ በእንጨት ጫፍ ሲነኩት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ብስባሽ ነው። ከብስባሹ በላይ ያለው ጤነኛ ክፍል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይተከላል። የሷ ቁልቋል ቡናማ የሆነው በዕድሜ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዓይኑ ነገር እመጣለሁ። 18ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። ልጁ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር የቁልቋል አጥር በዱላ ሲመታ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ፈነጠቀ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ለሦስት ቀን ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። በሕክምና ዳነ። አባትየው ያንን አጥር ከሥሩ ነቅሎ ጣለው። ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት ቁልቋል እንዳይተከል ለመነ። ይህን መልስ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ።

19ኛው መላሽ ለዓይን የምታጠባ እናት ወተት ጠብ ማድረግ ይበቃል አለ። በዚህ ጊዜ ነው 20ኛዋ የጻፈችው። ነርስ ናት። ቃሏ ኮስተር ያለ ነበር፤ መሆንም ነበረበት። ምንም ነገር ዓይን ውስጥ አይጨመርም። ዓይን አይታሽም። ወዲያው በንጹሕ ውሃ፣ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ሳያቋርጡ ማጠብ፤ ከዚያ ጊዜ ሳያባክኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ቆዳ ላይ ከደረሰ በሳሙናና በውሃ ማጠብ። ወተቱን ለኪንታሮት ወይም ለሌላ በሽታ ብሎ መቀባት፣ ከዚያም የባሰ መዋጥ፣ አደገኛ ነው። 19ኛው ሰው ተከራከረ። አያቱ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር ደጋገመ። እሷም የአያቱን መልካም ሐሳብ እንደምታከብር፣ ስለ ዓይን ጉዳት ግን እንደማትደራደር ጻፈች። ከዚያ ዝም አለ። በማግሥቱ መልሱን ራሱ አነሳው። ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

ቀጥሎ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 21ኛው ሰው ከእንጅባራ ነው። ስለ እሾህና ድርቅ እያወራን ሳለ፣ አዊ ውስጥ ገበሬው መሬቱን በዲከረንስ፣ ለከሰል በሚተከለው የግራር ዓይነት፣ ሲሞላ መቆየቱን አነሳ። እዚያው በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከሰሉ ኑሮ እንደለወጠ፣ በሌላ በኩል እህል የሚዘራበት መሬት እንዳነሰ ጻፈ። ሁለት ሰዎች ተከትለውት ስለ ከሰል ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ጉዳዩ ትልቅ ነው፤ ለብቻው ክር ይገባዋል። የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ቁልቋሉ እንድንመለስ ጠየቀ። ሁለቱን የከሰል ወሬዎች ወደ ሌላ ቦታ ስላዛወራቸው በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

የተመለስንበት መንገድ ግን ጥሩ አልነበረም። 22ኛው መላሽ ከአባይ በረሃ የተነቀለ፣ ከሰው ቁመት የበለጠ ቁልቋል እስከ ቤት ድረስ እንደሚያመጣ ማስታወቂያ ጻፈ። ለሆቴል ግቢና ለሪዞርት ብዙ እንደሸጠም ጨመረ። 23ኛው ወዲያው ስድብ አወረደበት። 24ኛው መምህሩ ነው፤ እሱ በምክንያት ነው የመጣው። ያን ያህል ለማደግ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ሥሩ ተቆርጦ የተነሳ ትልቅ ቁልቋል አብዛኛውን ጊዜ አይጸድቅም፤ በራሱ የውሃ ስንቅ ዓመት ያህል አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ይወድቃል። ገዢው ያኔ ሻጩን አያገኘውም። ገደሉ ላይ ደግሞ አፈር የያዘው ሥር ሲነቀል ቁልቁለቱ ይናዳል። ውሃ አዘል ኢዩፎርቢያዎች እንደ ካክተሶቹ ሁሉ ሲቲስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ መሆናቸውንም ጠቀሰ፤ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ይጠይቃሉ።

እኔ በዚህ ላይ የማምንበትን በግልጽ ጽፌያለሁ። ቁልቋልን ከገደሉ ነቅሎ ግቢ ማስዋብ የአባይን ደጃፍ ማራቆት ነው። አንድ ቅርንጫፍ ሲቆረጥለት እናቱ አትሞትም። በግንዱ ላይ ሌላ ታወጣለች። ቅርንጫፍ ለምነን እንውሰድ፤ እንጠብቀው። ውበቱን ደግሞ አብረን እናሳድገዋለን።

25ኛዋ፣ ያችው የባሕር ዳሯ እህት፣ ቁልቋል ብቻውን እንዳይቆም አጋሮቹን ጠቆመችኝ። እሬት ከእግሩ ሥር፤ ቀይና ብርቱካናማ አበባዋ በበጋ ንቦችንና ወፎችን ትጠራለች። እንዳሁላ ትንሽ ጥላ ባለበት። ዳር ዳሩን አጋም፤ እሾሃም ናት፣ ፍሬዋ ለልጆች ናት። ቀጋም ለአጥር። ቃጫን ግን ከአገሬው ተክል አትቁጠረው አለችኝ፤ አመጣጡ ከሜክሲኮ ነው። እኔ ቃጫን የጎጃም ተወላጅ አድርጌ ነበር የማስበው። ሰፈራችን ሁሉ ሞልቷል።

26ኛውና የመጨረሻው እንደገና የአያ ነው። ስለ ቦታ ነው የጻፉት። ቁልቋል እንደ አበባ ማሰሮ ትንሽ ሆኖ አይቀርም፤ እስከ 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሙሉ ውሃ ስለሆነ ከባድ ነው። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ አፈሩ ርሶ የእሳቸው አንዱ ቁልቋል ወድቆ የጎረቤታቸውን ቆርቆሮ አጣምሟል። ሰው ስላልነበረ አምላክን አመስግነዋል። ከግድግዳ፣ ከመተላለፊያና ልጆች ከሚጫወቱበት ቢያንስ አራት እርምጃ መራቅ አለበት አሉ። ከሁሉም በላይ ልጆቹን ጠርቶ፣ ወተቱን ከሩቅ አሳይቶ፣ ምን እንደሆነ መንገር። የአሥራ ስምንተኛውን አባት ስጋት አልናቁም። ልጅ የማያውቀውን አጥር ይመታል፤ የሚያውቀውን ይሸሻል ብለው ነው የሚያምኑት። በዚህ ላይ አባትየው አልተስማማም፤ አስተያየት ሳይጨምር አለመስማማቱን ብቻ ምልክት አደረገ። እኔ ሁለቱንም ሰምቼ መሐል ላይ ቆምኩ። ቁልቋሉን ከኋላ አጥሩ ጥግ አደረግሁት፤ ዙሪያውን በአጋም ከለልኩት። አጋሟ እስክታድግ ድረስ የቆርቆሮ ቁራጭ አቁሜያለሁ።

ያደረግሁትን ክሩ ላይ ስላልጻፍኩ እዚህ ልጻፍ። ጉብታውን በአምስት ጋሪ ቀይ አሽና በቤቱ ጠጠር ሠራሁት። ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ ነው። ቅርንጫፉን የሰጡኝ ከበረሃው አፋፍ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። አጥራቸው አርጅቷል፤ አንዱን ሳይሆን ሦስቱን ቁረጥ አሉኝ። ልጆቼን ይዣቸው ሄድኩ። ቆመው ያዩት ከአሥር እርምጃ ርቀት ነው። ወተቱ ሲፈስ ትንሿ ልጄ ቁልቋሉን ያመው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ በራሳቸው ወደ ኋላ ሸሹ።

ሦስቱ ቁራጮች ከጓዳው በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ፣ ማዳበሪያ ላይ ተኝተው ሰነበቱ። በ18ኛው ቀን የተቆረጠው ፊታቸው ደርቆ ጎደጎደ። ኅዳር 2 ቀን ሁለቱን ተከልኳቸው። ሦስተኛዋን ለጎረቤቴ፣ ለሊጥ ውሃ ለምትፈልገዋ፣ ሰጠኋት። እሷ የተከለችው በተሰበረ ባሊ ውስጥ ነው፤ ሥሩን በምስማር በስታዋለች። እስካሁን አንድም ጠብታ አላጠጣናቸውም።